የቦራ ቀኝ ዓይን

ሚያዝያ 27 ቀን 1999፣ ቅዳሜ

ዛሬ መድኃኔዓለም ነው፤ አይታረስም። ስለዚህ የደብረ ኤልያስ ዙሪያ ከብት ሁሉ በአንድ ቀን ታመመ። በሥራ ቀን ክሊኒካችን ደጃፍ ዝር የሚል የለም፣ በበዓል ቀን ግን ሰልፍ ነው። ዘበኛችን ገዳሙ "ቅዱሳኑ ባይኖሩ ደመወዝሽን ተቀምጠሽ ትበይው ነበር" ይለኛል። እሱ ራሱ በበዓልም በሥራ ቀንም ተጋድሞ ነው የሚበላው።

ይህን ደብተር ያገኘሁት ማርቆስ ላይ ከሰጡን ስልጠና ነው። ሦስት ቀን ሙሉ ስለ ሪፖርት አጻጻፍ ተማርን። እኔ ግን ሪፖርት አልጽፍበትም፤ ሐሜት እጽፍበታለሁ።

ዛሬ ያየኋቸው፣ ሁለት አንካሳ አህዮች፣ ሆዱ የተነፋ በግ፣ የእማማ ወለተ ሰንበት በሬ። በሬው ቦራ ነው፤ ግንባሩና የዓይኑ ዙሪያ ነጭ። ቀኝ ዓይኑ ላይ የሕፃን ጡጫ የሚያህል ሥጋ በቅሎበታል። ይደማል፣ ይሸታል፣ ዝንቡ አይጣል ነው። እማማ ባላቸውን ከቀበሩ አራት ዓመታቸው፤ ያላቸው በሬ ይኸው አንዱ ነው። ከጎረቤታቸው ከእንዳላማው ጋር በመቀናጆ ያርሳሉ። የእሳቸው በሬ፣ የእሱ በሬ፣ የእሱ ክንድ።

"በጥር አይተሽው ነበር እኮ፣ ልጄ" አሉኝ።

"ስንት ዓይን አያለሁ፣ እማማ!" አልኳቸው።

በሳምንቱ ተመለሱ አልኩ። ለምን በሳምንቱ እንዳልኩ እኔም አላውቅም። ወረፋው ረጅም ነበር።

ግንቦት 1፣ ረቡዕ

ልደታ። ንፍሮ ጠገብኩ።

ከትምህርት ቤት ያመጣሁትን ማስታወሻ ከሣጥን አወጣሁ። ዓይን ስለማውጣት አራት ገጽ አለ። ማደንዘዣው የት የት እንደሚወጋ በሚያሳየው ሥዕል ላይ ግን የሆነ ሰው ወጥ አፍስሶበታል። ያ ሰው እኔ ሳልሆን አልቀርም። በትምህርት ዘመኔ ይህን ሥራ ያየሁት አንድ ጊዜ ነው፤ መምህሩ ሲያወጣ ዙሪያውን አሥራ አንድ ተማሪዎች ነበርን። እኔ የደረሰኝ ጭራውን መያዝ ነበር። ከጭራ በኩል ሆኖ ስለ ዓይን ብዙ አይታወቅም።

የጥርን መዝገብ አላየሁትም። ለምንስ አያለሁ?

ግንቦት 4፣ ቅዳሜ

እማማ መጡ። ቁርጡን ነገርኳቸው። ነቀርሳ ነው፤ ዓይኑ ከነሥሩ ካልወጣ ወደ አጥንቱ ይገባል፣ ከዚያ በኋላ በሬ የሚባል የለም። ከምን እንደሚመጣ ልነግራቸው አፌን ስከፍት ቀደሙኝ።

"የጅራፍ ነው" አሉ። "አንቺ በጥር አይተሽ 'የዝንብ ነው፣ ምንም የለውም' ብለሽ ቅባት ሰጠሽኝ። ምንም አልነበረውማ! የተመታው ከዚያ ወዲህ ነው። ከዚያ ወዲህ ደግሞ በቦራ ላይ ጅራፍ የያዘ ሰው አንድ ነው።"

እንዳላማውን ማለታቸው ነው። ይህ በሽታ በጅራፍ አይመጣም። ዓይኑ ዙሪያ ነጭ የሆነ ከብት ፀሐይ ትጎዳዋለች፣ ቀስ ብሎ ይበቅላል፣ በቃ። ይህን ለማለት የሚፈጀው አንድ ትንፋሽ ነው። እኔ ግን "መቼ እናውጣው?" አልኩ።

"ማክሰኞ?" አልኩ። "ሥላሴ" አሉ። "ሐሙስ?" "ዕርገት።" "ዓርብስ?" "መስቀል። በመስቀል ቀን ደም ልታፈሺ ነው?" ለመታከም የሚመጡት በበዓል፣ ለመቆረጥ ደግሞ በዓል አይሆንም። በመጨረሻ በአሥራ ሰባት ተስማማን። እስጢፋኖስ ነው፣ ግን እስጢፋኖስ አይቀየመንም አሉ።

ግንቦት 8፣ ረቡዕ

ኃላፊያችን አንተነህ መድኃኒት ስጠይቀው የሩብ ዓመቱን ዕቅድ ገለጠ። ጣቱን ከላይ እስከ ታች አወረደው።

"ዓይን ማውጣት የሚል የለም።"

"በሬው ዕቅዱን አላነበበም" አልኩት።

አልሳቀም። ማደንዘዣ አንድ ጠርሙስ፣ ጓንት ሦስት ጥንድ፣ የስፌት ክር ሰጠኝ። "ሪፖርቱ ላይ 'ሌሎች' በሚለው ሥር አስገቢው" አለ። ስወጣ ደግሞ፣ "ቆይ፣ በጥር ታክሞ የለም እንዴ?" አለኝ። በሩ እንዳልሰማ ሰው ሆኖ ተዘጋ። የዘጋሁት እኔ ነኝ።

ግንቦት 12፣ እሑድ

ገዳሙ ከቅዳሴ መልስ ወሬ ይዞ መጣ። "እንዳላማው የመበለት በሬ ዓይን አፈሰሰ" ተብሎ አገር አውቆታል። የእማማ ማስረጃ ማን ናት? ዶክተሯ። "ዶክተሯ በዓይኗ አይታ ደህና ነው ብላለች" እየተባለ ነው። በዚህ አገር አራት ዓመት ስሠራ ቃሌ የተከበረው ዛሬ ገና ነው።

ከሰዓት እንዳላማው ራሱ መጣ። በሬውን ለመጣል ስንት ክንድ ገመድ እንደሚያስፈልግ ሊጠይቅ ነው። ቀጭን ረጅም ሰው ነው፤ ቆቡን አውልቆ ይዞታል። ገመዱን ተነጋግረን ስንጨርስ አልሄደም።

"ዶክተር፣ እውነት የጅራፍ ነው? ማታ ተኝቼ አስባለሁ። ዓይኑን የነካሁት አይመስለኝም። ግን ጅራፍ ጫፉ የት እንደሚያርፍ በምን ይታወቃል?"

"አሁን ለመናገር ያስቸግራል፣ ጋሼ እንዳላማው" አልኩት።

"ለመናገር ያስቸግራል" ስልጠናው ላይ የተማርኩት ነው።

ግንቦት 17፣ ዓርብ፣ ጠዋት

ሰማዩ ጠርቷል። ውኃ አፍልቻለሁ። መቀስ ሁለት፣ መቆንጠጫ ሦስት፣ አንዱ አይገጥምም። መጡ።

ያው ቀን፣ ከሰዓት፣ ዝናቡ ሲጥል

አለቀ። በሬው ቆሞ ገለባ እየበላ ነው። እኔ ግን ገና አልቆምኩም፤ ተቀምጬ ነው የምጽፈው።

በመጀመሪያ ጠልፈን ጣልነው። አምስት ወንድ በአራት አቅጣጫ ገመድ ሲስብ እያንዳንዱ አዛዥ ነበር። መሪጌታ ወልደ ሩፋኤል፣ የቅኔ መምህሩ፣ ለማየት ብቻ መጥተው የነበሩት ሳይታሰብ የኋላ እግር ደረሳቸው። ጭንቅላቱን የያዘው እንዳላማው ነው። እኔ አልጠየቅሁትም፣ ራሱ ሄዶ ተንበረከከና ቀንዱን ታቅፎ ጆሮው ላይ "አይዞህ፣ ወንድሜ" ይለው ጀመር። እማማ አጥሩ ጋ ቆመው ፊታቸውን አዙረዋል። ግን በነጠላቸው ቀዳዳ ያዩ ነበር።

ማደንዘዣውን ወጥ በፈሰሰበት ሥዕል እየተመራሁ ወጋሁ። ጠበቅሁ። በመርፌ ጫፍ ቆዳውን ነካሁት፣ ጆሮውን እንኳ አላንቀሳቀሰም። የታችና የላይ ሽፋሽፍቱን አንድ ላይ ሰፋሁት፣ ሥጋው እጄ ላይ እንዳይፈርስ። ከዚያ ዙሪያውን ቆረጥኩ። ወደ ውስጥ በተጠጋሁ ቁጥር በመቀስ ሳይሆን በጣቴ ነው የሠራሁት። አጥንቱ ለስላሳ ነው። ዓይን ከውጭ ስታየው ትንሽ ነው፣ ከሥሩ ሲነሳ ግን ትልቅ ነገር ነው። ከኋላ ያለውን ጅማት በመቆንጠጫ ያዝኩ፣ አሰርኩ፣ ቆረጥኩ። ደሙ አንድ ጊዜ ፊቴ ላይ ፈነጠቀ። መሪጌታ "እግዚኦ!" ሲሉ እግሩን ለቀቁት፤ በሬውም ዕድሉን ሳያባክን አንዴ መታቸው። አልተጎዱም፣ ጭናቸው ነው።

ጉድጓዱን በፋሻ ጠቅጥቄ ደሙ እስኪቆም ቆጠርኩ። የከተትኩት ስድስት፣ ያወጣሁት ስድስት። ገዳሙ እንደገና እንዲቆጥር አደረግሁት፤ እሱም ስድስት አለ። ሰፋሁት። አሥራ አራት ስፌት።

ገመዱን ስንፈታ ቦራ ተነሳ፣ አንድ ዙር ዞረ፣ በቀኙ የሌለውን አገር ለመፈለግ አንገቱን ጠመዘዘ፣ ከዚያም የእንዳላማውን ትከሻ ላሰ። ይህንን ሁሉም አየ፣ እማማም አዩ። "ከብት ምን ያውቃል" አሉ።

ደስ ብሎኛል። በጣም ደስ ብሎኛል። ደስታው ውስጥ ግን እንደ እህል ጠጠር ጥርሴ ሥር የሚንቀጫቀጭ ነገር አለ።

ግንቦት 18

ፔኒሲሊን፣ አንደኛ ቀን። አብጧል፣ ግን የተለመደ ነው። ዝንብ እንዳያርፍበት ዙሪያውን ቀባሁ። እማማ በራሳቸው ነጠላ ጫፍ ሲያራግቡለት ነው ያደሩት። ሲያዩኝ "እጅሽ ይባረክ" አሉኝ። እጄን ኪሴ ከተትኩት።

ግንቦት 21፣ ማክሰኞ

ሽማግሌ ተቀመጠ። ቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር፣ መሪጌታ በመሐል። ጭናቸው ገና አልተሻላቸውም፤ የእማማ በሬ ስለመታቸው ወደ እንዳላማው ያደላሉ እያሉ ያሟቸዋል።

ነገሩ በመሐላ እንዲያልቅ ፈረዱ። እንዳላማው በቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ቆሞ "ጅራፌ ቦራን አልነካውም" ብሎ ከማለ ነፃ ነው። ሌላ አገር ቢሆን ሰውየው ምሎ ቤቱ ይሄድ ነበር። እንዳላማው ግን ቆመና፦

"አልምልም" አለ። "ጅራፌ ያልነካው በሬ አርሼ አላውቅም። ጀርባውን ነክቶታል፣ ጎኑን ነክቶታል። አልነካውም ብዬ በታቦት ፊት እንዴት እምላለሁ?"

"ዓይኑን ነው የምንለው" አሉ መሪጌታ።

"ዓይኑን አልነካሁም ብዬ አስባለሁ። ማሰብና መማል አንድ ነው?"

ሰው አጉረመረመ። አልምልም ማለት እዚህ አገር አጠፋሁ ማለት ነው። እማማ እያለቀሱ "በቃኝ፣ መቀናጆው ይፍረስ" አሉ። መሪጌታ እስከ ሰኔ ሚካኤል አስቡበት ብለው አሳደሩት።

እኔ እዚያው ነበርኩ። ጎንበስ ብዬ ጫማዬን ስጠርግ ቆየሁ። አቧራ ነው።

ግንቦት 22

መዝገቡን አየሁት።

"ጥር 10። ቦራ በሬ፣ ቀኝ ዓይን፣ እንባ። በሽፋሽፍቱ ሥር ምስር የምታክል እብጠት። ቅባት ተሰጠ።"

የእኔ ጽሑፍ ነው። ምስሯን አይቻታለሁ፣ ጽፌያታለሁም። ለእማማ ግን "የዝንብ ነው" አልኳቸው። ጥር 10 ከተራ ነው፤ የማርቆስ መኪና ጥሩምባ እየነፋ ነበር። አዲስ ቀሚስ አሰፍቼ ነበር። ምስር የምታክለውን ያን ቀን ብቆርጣት ኖሮ አንድ መርፌ፣ አሥር ደቂቃ፣ ዓይኑም ይተርፍ ነበር። ቀሚሱ ለነገሩ ወገቡ ጠቦኝ ነበር።

ግንቦት 27

ቁስሉ ደህና ነው። ሰዎቹ አይደሉም።

ሰኔ 1፣ ዓርብ

ስፌቱን ፈታሁ። ጠፍጣፋ፣ ንጹሕ፣ ደረቅ። ብታዩት እንደ ተዘጋ መስኮት ነው። አንተነህ ራሱ መጥቶ ፎቶ አነሳው፤ ለሪፖርቱ።

የእማማ ማሳ ሁለተኛውን እርሻ እንኳ አላየም። የእንዳላማውም እንዲሁ። አንድ ቦራ እዚህ፣ አንድ ጉራች፣ የእንዳላማው ጥቁር በሬ፣ እዚያ፣ ሁለቱም ጠግበው ያመሰኳሉ። ሌላው ሰው ማሳውን እያለሰለሰ ነው። አንድ በሬ አያርስም። ጤፍ ካልተዘራ ሁለቱ ቤቶች በኅዳር የሚያጭዱት የለም። ዘንድሮ ሰኔና ሰኞ እንኳ አልገጠሙም፤ የማሳብበው ነገር የለኝም።

ለገዳሙ ነገርኩት። መጀመሪያ ለገዳሙ መንገር ፈሪነት ነው፣ አውቃለሁ። "ብትናገሪ ሰው ከብቱን ወደ ጠንቋይ ነው የሚወስደው" አለኝ። ቀጥሎ፣ "ባትናገሪ ደግሞ እኔ አንቺን ቀና ብዬ አላይሽም" አለ። ከዚያ ተኛ። ሌላ ጊዜ ሲተኛ እናደድ ነበር።

ሰኔ 5

ዝናብ። ዝናብ። እንዳላማው በዝናቡ ውስጥ ጉራችን ብቻውን እየነዳ ሲያልፍ በመስኮት አየሁት። ሰላም አለኝ። ሰላም ባይለኝ ይሻለኝ ነበር።

ሰኔ 12፣ ሚካኤል

ተናገርኩ።

ሽማግሌዎቹ እንደ በፊቱ ተቀመጡ። መሪጌታ "እንዳላማው፣ ትምላለህ?" አሉ። "አልምልም" አለ፤ "በሐሰት ከምምል ጉራችንም ጨምራችሁ ውሰዱ።" ያኔ ተነሳሁ። መዝገቡን ጋቢ ውስጥ ደብቄ ነበር ያመጣሁት፣ ሃሳቤን ከቀየርኩ ማንም እንዳያይብኝ። እጄ ግን አወጣው።

የጥር አሥርን አነበብኩላቸው። ምስር የምታክል እብጠት የሚለውን ሁለት ጊዜ አነበብኩት፣ የኋላ ያሉት አልሰማንም ስላሉ። ከዚያ እንዲህ አልኩ፦ በሽታው በጥር ነበር። ጅራፍ አላመጣውም። አየሁት፣ ቸኮልኩ፣ ዝንብ ነው ብዬ ዋሸሁ። ያን ቀን ቢሆን ዓይኑ ይተርፍ ነበር። ከወር በላይ ደግሞ ሰው በሐሰት ሲታማ ዝም አልኩ።

አንድ አህያ ብቻ ሩቅ ቦታ አናፋ። በሪፖርት ቋንቋ "ሌሎች" የሚባለው እሱ ነው።

እማማ ቀስ ብለው ተነሱ።

"ታዲያ ይህን ሁሉ ጊዜ የተቆጣሁት በባዶ ነው?"

"በእኔ ይቆጡ፣ እማማ" አልኳቸው።

"አንቺንማ ገና መች ጀመርኩሽ!" አሉ።

ግን መጀመሪያ ወደ እንዳላማው ሄዱ። ጉልበቱን ሊስሙ ጎንበስ ሲሉ ደግፎ አነሳቸው። "ኧረ በሚካኤል! እርስዎ እናቴ ነዎት" አላቸው። እሳቸው አለቀሱ፣ እሱም አለቀሰ። እኔም አለቀስኩ፣ ግን ማንም "አይዞሽ" አላለኝም። ደግ አደረጉ።

ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። ከጥር ጀምሮ ያለውን አንድም ሳያስቀሩ ነገሩኝ። ቀሚሱን እንኳ አልረሱትም፤ ለካ ያን ቀን አይተውታል።

መሪጌታ ፈረዱ። ካሳው በገንዘብ አይሆንም አሉ። ቦራ በአንድ ዓይን ማረስ እስኪለምድ ድረስ ዶክተሯ ከቢሮ ውጭ ባላት ጊዜ በታወረበት በኩል ሆና እየመራች ታሳርሳለች። "ያጠፋሽውን ያህል ታይለታለሽ" አሉኝ። ይግባኝ አልኖረም።

ሰኔ 15፣ ዓርብ

አንተነህ ግማሽ ቀን ፈቃድ ከለከለኝ፣ በኋላ ምክንያቱን ሲሰማ ሙሉ ቀን ሰጠኝ። ለማየት ነው የመጣው። አጥሩ ላይ ተደግፎ ቆሎ ይበላ ነበር።

ቦራ ድሮም በቀንበሩ ቀኝ ነው የሚጠመደው። እኔ ደግሞ ምሁር ነኝና፣ "ቀኝ ዓይኑ ስለሌለ ወደ ግራ ይዛወር፣ ደህናው ዓይኑ ሜዳውን ይይ" ብዬ አዘዝኩ። እንዳላማው እማማን አየ፣ እማማ ሰማዩን አዩ። አዛወሩት። ሦስት እርምጃ ሳንሄድ ቦራ ደነገጠ። ወደ ጎን ተላጋ፣ ሞፈሩ ተጠማዘዘ፣ እኔ ጭቃው ውስጥ በቂጤ ተቀመጥኩ። አንተነህ ቆሎው ትን አለው።

"ልጄ" አሉ እማማ፣ "ሜዳው የትም አይሄድበት። ማየት ያለበት ጓደኛውን ነው።"

ወደ ቀኝ መለሱት። ግራ ዓይኑ ጉራችን አየ፣ አንገቱ ላላ፣ ሄደ። እኔ በጨለማው በኩል እጄን ጉንጩ ላይ አድርጌ አብሬ ሄድኩ። እንዳላማው ጅራፍ አልያዘም ነበር፤ በአፉ ብቻ ነው የነዳቸው። አራተኛው ትልም ላይ ቦራን እኔ እንደማላስፈልገው ገባኝ። እማማም ገብቷቸዋል። ሆኖም እስከ ማታ አልለቀቁኝም።

ሰኔ 21፣ ማርያም

ሌሊቱን ስሰጋ ያደርኩት ዛሬ ማንም አይመጣም ብዬ ነው። ገዳሙ በሩን ሲከፍት "ነይ እዪ" አለኝ። ሰልፉ እስከ መንገዱ ደርሷል። በሬ፣ ላም፣ ወይፈን፣ አንድ በቅሎ። ሁሉም ቅባት የሰጠሁት ዓይን ነው። የፊተኛው ሰው "ያየሽውን እንደገና እዪ" አለኝ። ስድብ ነው? ስድብ ነው። ግን መጥተዋል።

አስራ ሰባት ዓይን አየሁ፤ ሽፋሽፍቱን እየገለበጥኩ፣ ፀሐይ ላይ እያወጣሁ። አስራ ስድስቱ የእውነት ዝንብና አቧራ ነው። አስራ ሰባተኛዋ ከሉማሜ በኩል የተገዛች ቦራ ላም ናት፤ ማሬ የምትባል ወጣት ሴት ናት ያመጣቻት፣ ከባሏ ጋር። ከሥር ሽፋሽፍቷ ላይ ምስር።

አንድ መርፌ። አሥር ደቂቃ። ሁለት ስፌት። ዓይኗ አለ።

ማሬ ገመዱን ይዛ አልሄደችም። ባሏን በጎን ታየዋለች። እሱ መሬት መሬት ያያል።

"ማን መትቷት ነው?" አለችኝ።

"ማንም አልመታትም።"

"እርግጠኛ ነሽ?"

"እርግጠኛ ነኝ።"

"እንግዲያው መዝገቡ ላይ ጻፊልኝ" አለች።

ጻፍኩላት። ባልየው ማንበብ አይችልም፤ ጣቱን ፊደሉ ላይ አድርጎ "ይኸ ነው?" አለኝ። ይኸ ነው አልኩት።